በመንገድ በኩል ያለው ግድግዳ

እጃጂ፣ ኅዳር 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘሩባቤል አሻግሬ
ላይፕዚግ፣ ጀርመን

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ለመድኃኔ ዓለም ክብር ይግባውና ደህና ነን። እማዬም ከዓይኗ በቀር ደህና ናት። በጸሎቷ ስምህን ሳታነሳ አትተኛም።

ስልክ ትቼ ወረቀት የያዝኩት ወድጄ አይደለም። በስልክ ሁለት ነገር ሳልናገር ትቆርጠኛለህ። ወይ አውቶቡስ መጣ ትላለህ፣ ወይ ሥራ ልገባ ነው ትላለህ። ደብዳቤን ግን መሐል ላይ ልትቆርጠው አትችልም። ልጄ አርሴማ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። አንተም ቁጭ ብለህ ጻፍልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመንገድ በኩል ያለው የእማዬ ክፍል ግድግዳ ባለፈው ክረምት ሆዱን ነፍቷል። ከውጭ ሲያዩት ሲሚንቶው ስለያዘው ምንም አይመስልም። ከውስጥ ግን ጭቃው እየተፈረፈረ በእማዬ አልጋ ላይ ይወርዳል። ባለፈው ሳምንት ኦቦ ቀንዓን ጠርቼ አሳየኋቸው። ታውቃቸዋለህ፣ ከአባባ ጋር ሠላሳ ዓመት ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ግርጌውን በቢላ ወጋ ሲያደርጉት ቢላው እስከ እጀታው ገባ። ቋሚዎቹ በስብሰዋል። የሚመጣውን ክረምት አይሻገርም አሉኝ።

እማዬ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ቤቱን የምታውቀው በእጇ ነው። ከአልጋዋ ተነስታ ያንን ግድግዳ እየዳሰሰች እስከ በሩ ትሄዳለች፣ ከበሩ ደግሞ ወደ ጓዳ። ለጊዜው ሌላ ቤት ልውሰድሽ ብላት፣ እዚያ ማን ይመራኛል ብላ እንቢ አለችኝ። ስለዚህ ግድግዳው ከሰኔ በፊት መሠራት አለበት። እኔ ያሰብኩት አፍርሼ በብሎኬት ላሠራው ነው። ቤቱ በውርስ በሁለታችን ስም ስለሆነ ያላንተ ፊርማ ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ አይሰጠኝም። ፊርማህንና የምትችለውን እርዳታ ላክልኝ።

እማዬ በግንባርህ ስማሃለች።

እህትህ ሸዋገነት


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ሸዋገነት

የእግዚአብሔር ሰላም ከአንቺና ከእማዬ ጋር ይሁን። እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል።

ደብዳቤሽን ሳነብ ብሎኬት የሚለው ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ። እትዬ፣ እኔ የምሠራበት ድርጅት የሰው ቤት የሚለስነው በጭቃ ነው። አሠሪዎቻችን ሐኪሞችና ዳኞች ናቸው፣ ወረፋ ይዘው ስድስት ወር ይጠብቁናል። የጭቃ ቤት ሙቀት ይይዛል፣ አየሩ ለሳንባ ይስማማል። እዚህ ሰው አፈሩን በከረጢት እንደታሸገ ከሱቅ ይገዛዋል። አንቺ ቀዩ አፈር ከጓሮሽ፣ ጭዱ ከጎረቤትሽ፣ እንጨቱ ከደጅሽ እያለልሽ ብሎኬት ትያለሽ?

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ የለሰነው የትኛው ደንቆሮ ነው? ጭቃ ውሃ ሲገባበት መልሶ ማስወጣት አለበት። ፊቱን በሲሚንቶ ከዘጉበት ውሃው ውስጥ ይቀርና እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ይህን ለማወቅ መማር እንኳ አያስፈልግም። አባባ ቢያይ ኖሮ ያብድ ነበር። አባባ ካረፈ በኋላ ያሠራሽው ከሆነ ያታለለሽ ሰው ሊጠየቅ ይገባል።

ጓደኛዬ ኤቢሳ እንደነገረኝ በመንገድ በኩል ሱቅ አውጥተሽ ለማከራየት አስበሻል። እውነት ከሆነ የእማዬን ዓይን ምክንያት ባታደርጊ ጥሩ ነበር።

ፊርማ አልልክም። አባባ እንደሠራው በጭቃ አሠሪው። ሥዕሉን እኔ አዘጋጃለሁ።

እማዬን እግሯን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ዘሩባቤል


እጃጂ፣ የካቲት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘሩባቤል

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅ። እማዬ አለች፣ ጉንፋን ይዟት ትንሽ ያስላታል።

ከሁለት ወር በላይ ዝም ያልኩህ ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ ቀርቶ አይደለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ጊዜም መልስ ጽፌ ቀደድኩት፣ እህት ለወንድሟ የማትጽፈው ነገር ስለነበረበት።

ሱቅ ያልከው እውነት ነው፣ አስቤ ነበር። ታዲያ ምን ይሁን? የእማዬን የዓይን መድኃኒት በየወሩ የምገዛው እኔ ነኝ እንጂ ኤቢሳ አይደለም። አምቦ ተቀምጦ እኔን ከሚሰልል ባጃጁን ቢያጥብ ይሻለዋል። እሱም የክፍል ጓደኛህ ሆኖ ነው እንጂ ሌላ ሰው ቢሆን ደጄን ባላስረገጥኩት ነበር።

የጭቃን ነገር ልታስተምረኝ መነሳትህ ግን ገርሞኛል። አባባ ሲያቦካ ውሃ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። የምርጊቱን ጭድ ያደቀቅኩት እኔ ነኝ። አንተ መጽሐፍህን ይዘህ ጥላ ሥር ትቀመጥ ነበር፣ እግርህ እንዳይቆሽሽ። አባባ ዕድሜውን በሙሉ አምቦ ድረስ እየሄደ የሰው ቤት ሲመርግ ማንም ባለሙያ ብሎት አያውቅም፣ ጭቃ ረጋጭ ነበር የሚሉት። አንተ ዛሬ በዚያው ጭቃ ሐኪምና ዳኛ ወረፋ ይጠብቅሃል። ይሁን፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ።

ስለ ሲሚንቶው የጠየቅከኝን ዛሬ አልመልስልህም።

ፊርማውን ስለከለከልከኝ በጭቃ ይሆናል፤ ለጭቃ ጥገና ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ አይጠይቅም። ኦቦ ቀንዓ የጥድ ቋሚ መርጠውልኛል፣ አሮጌውን አፍርሰው ማገሩን ያስሩልኛል። አርሴማና እኔ አፈሩን መቆፈር ጀምረናል። ደቦ የጠራሁት ለመጋቢት 16፣ ለቅዳሜ ነው። አንተ ስለረሳኸው ልንገርህ፣ ጭቃው ቀድሞ ከጭድ ጋር ይቦካል፣ በደቦው ቀን ግን ተረግጦ በዚያው ቀን መመረግ አለበት። ግማሹ ደርቆ ግማሹ ርጥብ ከሆነ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። አንድ ቤተሰብ ብቻውን የማይችለው ለዚህ ነው። ሰዎቹ የሚመጡልኝ ከአንዳቸውም ደቦ ቀርቼ ስለማላውቅ ነው።

ለምግቡ የሚሆን ካለህ ላክ። ለሌላ ለምንም ነገር አትላክ።

እማዬ ምረቃዋን ልካልሃለች።

ሸዋገነት


ላይፕዚግ፣ የካቲት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእትዬ ሸዋገነት

እንደምን አላችሁ? ጌታ ሥራችሁን ይባርክ። ለእማዬ ሳል ዝንጅብል በማር ስጫት።

በጭቃ እንዲሆን መስማማትሽ እንዴት እንዳስደሰተኝ አትጠይቂኝ። ስለተቆጣሽኝ አልተቀየምኩም፣ ታላቄ ነሽ። ሥዕሉን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። መስኮቱን በአንድ ክንድ ወደ ምሥራቅ አዙሩት፣ ለእማዬ የጠዋት ፀሐይ ይገባላታል። ለኦቦ ቀንዓ አሳያቸው። ደግሞ አደራ፣ አርሴማ የደቦውን ቀን ቪዲዮ ታንሳልኝ። ለሥራ ባልደረቦቼ ላሳያቸው እፈልጋለሁ፤ ይህ ሁሉ ሰው ለአንድ ግድግዳ ይሰበሰባል ስላቸው አያምኑኝም።

የሚመጡትን ሰዎች ስም ለኤቢሳ ጽፈሽ ስጭልኝ። አንድ ነገር አስቤአለሁ፣ አትጨነቂ፣ ትወጂዋለሽ።

ወንድምሽ ዘሩባቤል


እጃጂ፣ መጋቢት 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ዘሩባቤል

ሰላምታ የለኝም። እማዬ በሕይወት አለች፣ ለዛሬ ይብቃህ።

ኤቢሳ የነገረህን ትተህ የሆነውን ከእኔ ስማ። ቅዳሜ ፀሐይ ሳይወጣ አሥራ ስምንት ሰው መጣ። ወንዶቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃው የተቦካበት ጉድጓድ ውስጥ ገቡ፣ ሴቶቹ ውሃና ጭድ ያቀብላሉ። ጎረቤታችን ኡርጌ ዘፈን ታወጣለች፣ የቀሩት ይቀበሏታል። ጾም ስለሆነ ሽሮና ንፍሮ አዘጋጅቻለሁ። ለሚጠጣው ጠላ፣ ለጴንጤዎቹ ብርዝ አለ። እማዬ በር ላይ በርጩማ ተደርጎላት በድምፃቸው እየለየቻቸው ሁሉንም በየስማቸው ትመርቃለች። አባባ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። እኩለ ቀን ላይ ግድግዳው እስከ ደረት ደርሶ ነበር።

ኤቢሳ በባጃጅ ከተፍ አለ። ስም የተጻፈባቸው ፖስታዎች ይዟል። እኔ ስሙን የሰጠሁት ለምስጋና ካርድ መስሎኝ ነው፣ ሞኝ ነኝና። የዘሩባቤል ነው፣ የቀን ሥራችሁ ዋጋ ነው እያለ በየእጃቸው አደላቸው።

ዘፈኑ ቆመ። ኦቦ ቀንዓ ፖስታውን በጭቃ እጃቸው ከፍተው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሸዋገነት፣ የጠራሽን ደቦ ነው ወይስ የቀን ሥራ?» አሉኝ።

ደቦ ነው አልኳቸው።

«እኔ ለአሻግሬ ቤት ቅጥረኛ ሆኜ አልመጣሁም።»

ፖስታውን የመሠረቱ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው እግራቸውን ታጠቡ። የቀሩትም አንድ በአንድ እያስቀመጡ ታጠቡ። ምግቡን ሳይቀምሱ ሄዱ። እማዬ ምን ሆነው ነው ዝም ያሉት እያለች ትጠይቀኛለች።

ደቦ የሚመለሰው በእግር ነው። ዛሬ አንተ ቤት የረገጠ ሰው ነገ እሱ ቤት ትረግጥለታለህ። ሰውዬውን በገንዘብ ስትሸኘው፣ እሱ ቤት ችግር ሲመጣ እኔ የለሁም እያልከው ነው። ይህን የእጃጂ ሕፃን ያውቀዋል። ለሌላ ነገር አትላክ ብዬ በእጄ ጽፌልህ ነበር።

አሁን ግድግዳው ግማሽ ነው። ደርቋል። ማታ ማታ ነፋሱ በማገሩ መሐል እየገባ እማዬን ያሳላታል።

ይኸውልህ፣ የሲሚንቶውንም ዛሬ ልመልስልህ። የትኛው ደንቆሮ ነው ላልከው፣ አባባ ነው። በገዛ እጁ ነው የለሰነው። በ2006 ዓ.ም.፣ አንተ አምቦ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትማር። ጓደኞችህ ለጥምቀት ሊመጡ ነው፣ ጭቃ ቤት አላሳያቸውም ብለህ ሦስት ሳምንት ቤት ሳትመጣ ቀረህ። አባባ የአንድ ሰው ቤት ሠርቶ ያገኘውን ሁሉ ሲሚንቶ ገዛበት። እኔ አሸዋ አቀብለው ነበር። «ይኼ ግድግዳ እንግዲህ መታመሙ ነው፤ ልጁ ግን ይመጣል» አለኝ። የሚያደርገውን እያወቀ ነው ያደረገው።

አንተም መጣህ። ጓደኞችህም መጡ፣ ኤቢሳ አንዱ ነው። ያን ቀን አባባ የት እንደዋለ ጠይቀህ ታውቃለህ? ኦቦ ቀንዓ ጓሮ ነው የዋለው፣ የተሰነጠቀ እግሩን አይተው እንዳያፍሩብህ ብሎ። ኦቦ ቀንዓ ያንን ቀን አልረሱትም። ፖስታህን ሲያዩ ምን እንዳሰቡ አንተው ገምተው።

እኔ ይህን ዘጠኝ ዓመት ዋጥኩት። ሲቀበር እንኳ አልተናገርኩም፣ ያኔ በኮሮና መንገድ ተዘግቶብህ ስታለቅስ ስለሰማሁ። ረስተኸው ደንቆሮ ስትለው ግን አልችልም።

ሸዋገነት


ላይፕዚግ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

እትዬ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። ዘግይቶብኛል።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት የሰው ቤት ስለስን በምሳ ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ መሥራት አቅቶኝ ወደ ቤት ተመለስኩ። አንቺ የምትጽፊው እኔ እዚህ የምደሰት እየመሰለሽ ነው። በቀን አሥር ሰዓት እቆማለሁ፣ ትከሻዬ አይነሳም። ያንን ገንዘብ የላክሁት ሰው በነጻ እንዲደክምልኝ ስላልፈለግሁ ነው። ሰው አክብሬ ነው የሰጠሁት። ልብሴን ሸጬ ብልክም ለእናንተ ስድብ ነው ማለት ነው?

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ምን ያውቃል? አባባ አልሠራም ቢለኝ ኖሮ ተናድጄ ይወጣልኝ ነበር። አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም? ዘጠኝ ዓመት ይዘሽ ቆይተሽ የእናቴ ቤት ፈርሶ ሳለ ነው የምትወረውሪብኝ? እኔ የማስታውሰው ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው። ከሥሩ ምን እንዳለ አላስታውስም። እውነቴን ነው።

ኦቦ ቀንዓ ጋ ለመደወል ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ልጃቸው አነሳ፣ ሥራ ላይ ናቸው አለኝ።

ፊርማውን በኤምባሲ አስመስክሬ ልኬልሻለሁ። በብሎኬት አሠሪው። ሱቅም አውጪበት፣ የፈለግሽውን አድርጊ። ክረምቱ ሳይገባ ብቻ ይለቅ።

ዘሩባቤል


እጃጂ፣ ግንቦት 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘሩባቤል

ባለህበት አገር ሰውም አየሩም ይስማማህ። እማዬ ደህና ናት፣ ሳሉ ለቋታል።

ፊርማህ ደርሶኛል። አልተጠቀምኩበትም፣ ግድግዳው አልቋል። እንዴት እንዳለቀ ልንገርህ፤ ቁጣዬ ግን አልበረደም፣ እንዲህ ረጋ ብዬ ስጽፍ የበረደ እንዳይመስልህ።

ፖስታዎቹን ለኤቢሳ መለስኩለት። ከዚያ በየቤታቸው ዞሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሁሉም በደህና ተቀበሉኝ፣ ምንም አይደለም አሉኝ፣ ማንም ግን መቼ እንምጣ አላለኝም። የደረቀውን ምርጊት በመዶሻ አራገፍኩት። የቀረው ጭቃ እንዳይደርቅ ጠዋት ጠዋት ውሃ እያፈሰስኩ ብቻዬን እረግጠው ጀመር። አርሴማ ትምህርት ቤት ናት። እኔ የሃምሳ ዓመት ሴት ነኝ፣ ጉልበቴን ታውቀዋለህ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት እማዬ በር ላይ ቆማ ማነው የሚረግጠው አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ብቻሽን ነሽ እንዴ ብላ ነጠላዋን አደገደገችና ጫማዋን አወለቀች። ብለምናት አልሰማ አለችኝ። ትከሻዬን ይዛ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ከአባባ ጋር ሲጋቡ የመጀመሪያውን ቤት አብራው ረግጣ እንደሠራች ያን ቀን ነው የነገረችኝ። እግሯ ነገሩን አልረሳውም፣ ከእኔ የተሻለ ትረግጣለች።

ኦቦ ቀንዓ እህል ለማስፈጨት በዚያ ሲያልፉ አዩን። ከአህያቸው ጋር ብዙ ቆዩ። ከዚያ አህያዋን አጥር ላይ አስረው ገቡና ጫማቸውን አወለቁ። ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ከእኛ ጋር ይረግጡ ጀመር። በማግስቱ ከኡርጌ ጋር መጡ። ቅዳሜ አሥራ ስምንቱም መጡ። በአንድ ቀን ተረገጠ፣ በአንድ ቀን ተመረገ። መስኮቱን አንተ እንዳልከው ወደ ምሥራቅ አዙረነዋል፣ ልክ ነበርክ። ሁለተኛውን ምርጊት በእበትና በደቀቀ ጭድ እኔው ጨረስኩት። ዝናቡ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ መትቶታል፣ ደህና ነው። እማዬ ሌሊቱን በእጇ ስትዳስሰው አደረች፣ እንደገና እየለመደችው ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ያን ቅዳሜ ማታ ተቀምጠን ስንበላ የሚቀጥለው ደቦ የማን እንደሆነ ተነጋገሩ። ኅዳር ላይ የኡርጌ ቤት ይሠራል። ኦቦ ቀንዓ የሚመጣውን ሰው በስም ጠሩ፤ እኔን ጠሩ፣ አርሴማንም እንደ ትልቅ ሰው ቆጥረው ጠሩ። ድሮ አንተንም ይጠሩህ ነበር፣ አገር ውስጥ የለም እያሉም ቢሆን ስምህ አይዘለልም ነበር። ዝም ማለት አቃተኝና ዘሩባቤልስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሱ ከፍሎ ሊወጣ ፈለገ፣ ወጥቷል» አሉኝ።

በክፋት አልነበረም የተናገሩት። ሳህናቸውን ይዘው እንደ ቀላል ነገር ነው ያሉት። ላናድድህ አይደለም የምጽፍልህ፣ እውነቱን እወቀው ብዬ ነው። ፓስፖርትህን ቀይረህ ጀርመናዊ ብትሆን ግድ የለኝም። ከእነዚህ ሰዎች ቁጥር መውጣትህ ግን አንገበገበኝ፣ በአንተም በእሳቸውም በራሴም ተናደድኩ።

ወንዝ ስወርድ፣ ገበያ ስወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም፣ ሰው ሁሉ «ዘሩባቤል መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። መልስ ስለሌለኝ ይሰለቸኝ ነበር። ከዚያ ማታ ወዲህ አንድ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ኡርጌ እንኳ አልጠየቀችኝም። እማዬ ይህን እንዳትሰማ እየተጠነቀቅሁ ነው።

ለመጠየቅ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። መቼ ነው የምትመጣው?

እህትህ ሸዋገነት